የሌፕቲን አንቲቦዲ እጃችሁ ሲገባ፦ ከፍሪጁ እስከ ውጤቱ

«አንቲቦዲው መጣልኝ፤ ፕሌቱንም ሠራሁ፤ ግን ምንም ቀለም አላወጣም። ምን ላድርግ?»

ይህን ጥያቄ ስሰማ ዓመታት አልፈዋል። ከባሕር ዳር ይደወላል፤ ከደብረ ማርቆስ ይደወላል፤ አንዳንዴም ከእንጅባራ። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የማስተርስ ጥናታቸውን የሚሠሩ ልጆች ናቸው። ገንዘቡ አልቋል፤ አንቲቦዲው ሊያልቅ ነው፤ አማካሪው ውጤት ይጠብቃል። በስልክ ሁሉን ማስረዳት ስለማይቻል እዚህ በተራ አስቀምጬዋለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ። ሌፕቲን የስብ ሕዋሳት የሚያመነጩት ሆርሞን ነው። ለአንጎል «ጎተራው ሙሉ ነው፤ ምግቡን ቀነስ አድርግ» ብሎ ይነግራል። በአንድ ሚሊ ሊትር ሴረም (ደም ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ) ውስጥ የሚገኘው በናኖ ግራም የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ሁለት አንቲቦዲ፣ ማለትም ሌፕቲንን ለይተው የሚይዙ ሁለት ፕሮቲኖች፣ ያስፈልጋል። አንዱ ፕሌቱ (ዌል የሚባሉ ትንንሽ ጉድጓዶች ያሉት የፕላስቲክ ሳሕን) ላይ ተለጥፎ ሌፕቲኑን ይይዛል። ሁለተኛው ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን የታሰረበት ነው፤ በተያዘው ሌፕቲን ላይ ከላይ ይቀመጣል። ባዮቲኑ ላይ ስትሬፕታቪዲን ኤችአርፒ ይጣበቃል፤ ስትሬፕታቪዲን ባዮቲንን አጥብቆ የሚይዝ ፕሮቲን ነው፣ ኤችአርፒ ደግሞ ከእሱ ጋር የታሰረ ኤንዛይም። ቲኤምቢ የሚባለው ፈሳሽ ሲጨመር ኤችአርፒው ሰማያዊ ያደርገዋል። ሌፕቲን በበዛ ቁጥር ቀለሙ ይደምቃል። ሳንድዊች ኢላይዛ የሚሉት ይህን ነው።

ሙሉ ኪት የገዛችሁ ከሆነ የኪቱን ወረቀት ተከተሉ። ይህ የተጻፈው አንቲቦዲውን ለብቻው ገዝታችሁ ፕሌቱን ራሳችሁ ለምታዘጋጁ ነው። ኪት የያዛችሁም ብትሆኑ ተራ ቁጥር 2ን እና 4ን እንዳትዘሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሰው ሌፕቲን የሚይዝ አንቲቦዲ (ከዚህ በኋላ «ያዡ» እለዋለሁ)
- ባዮቲን የታሰረበት የሰው ሌፕቲን አንቲቦዲ («ጠቋሚው»)
- ስታንዳርድ፦ መጠኑ የታወቀ የሰው ሌፕቲን
- ስትሬፕታቪዲን ኤችአርፒ
- ቲኤምቢ፤ ማቆሚያ ፈሳሽ (1 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ)
- ባለ 96 ዌል የኢላይዛ ፕሌት። ፕሮቲን አጥብቆ የሚይዝ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። ሕዋስ የሚበቅልበት ፕሌት መልኩ አንድ ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ነው።
- ፒቢኤስ ባፈር (ፒኤቹን የሚጠብቅ የጨው ውሃ)፤ ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.4
- ትዊን 20 (እንደ ሳሙና የሚያጥብ ፈሳሽ)
- ቢኤስኤ ዱቄት (ከከብት ደም የሚወጣ ፕሮቲን)
- ፒፔቶች፤ ቢቻል አንድ ባለ 8 አፍ
- 450 ናኖ ሜትር ላይ የሚያነብ የፕሌት ማንበቢያ
- ትንንሽ ቲዩቦች፣ ቲፕ፣ ጓንት፣ ጋውን፣ መነጽር፣ የማይለቅ እስክሪብቶ
- ቴርሞሜትር። ይቺን ብዙ ሰው ይንቃታል፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

አሠራር

1. ዕቃውን ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀቱን አንብቡ።

አራት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ ለየትኛው ፍጡር የተሠራ ነው? የሰውን ሌፕቲን የሚያውቅ አንቲቦዲ የአይጥን ላያውቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ ለየትኛው ሥራ ተሞክሯል? ዌስተርን ብሎት ለሚባለው ሌላ የፕሮቲን መለያ ዘዴ ጥሩ የሆነ አንቲቦዲ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ የተዘረጋውን ፕሮቲን ነው። በኢላይዛ ላይ ሌፕቲኑ እንደ ተፈጥሮው ተጠቅልሎ ስለሚገኝ አንቲቦዲው አልፎት ሊሄድ ይችላል። ሦስተኛ፣ ያዡና ጠቋሚው አብረው ተሞክረዋል? ሁለቱ የሚይዙት የሌፕቲኑን የተለያየ ቦታ መሆን አለበት። አንዱን ሞኖክሎናል አንቲቦዲ (አንድ ቦታ ብቻ የሚይዝ ዓይነት) ለሁለቱም ሥራ ልጠቀም ብትሉ አይሆንም፤ ያዡ ቦታውን ስለያዘበት ጠቋሚው መቀመጫ ያጣል። አራተኛ፣ ማቆያው ምንድን ነው? ሶዲየም አዛይድ ካለበት ያዡ ላይ ችግር የለውም፤ ታጥቦ ይሄዳል። ኤችአርፒ ያለበት ፈሳሽ ውስጥ ከገባ ግን ኤንዛይሙን ያግደዋል። «ቀለም አላወጣም» ካሉኝ ሰዎች አንዷ የማጠቢያ ባፈሩ እንዳይበላሽባት አዛይድ ጨምራበት ነበር። ሁለት ፕሌት በዚህ ሄደባት።

2. ሲደርሳችሁ በዚያው ቀን ከፋፍላችሁ አስቀምጡ።

ቲዩቡን ሳትከፍቱ ለጥቂት ሰከንድ በሴንትሪፊዩጅ አዙሩት። በመንገድ ሲንገላታ ከመጣ ግማሹ ክዳኑ ላይ ተለጥፎ ነው የሚገኘው፤ ሳታዩት ከክዳኑ ጋር ታነሡታላችሁ። ደርቆ በዱቄት መልክ የመጣ ከሆነ ወረቀቱ ባለው መጠን ንጹሕ ፒቢኤስ ጨምሩ፤ ለ30 ደቂቃ ያህል ተዉት፤ አልፎ አልፎ በቀስታ አጋድሙት። አትነቅንቁት። እንደ ጠላ አረፋ ከሠራ አንቲቦዲው እየተጎዳ ነው።

ከዚያ በአንድ ፕሌት ልክ እየለካችሁ ከፋፍሉ። ምሳሌ፦ ያዡ በሚሊ ሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ነው እንበል፤ የምትፈልጉት በሚሊ ሊትር 2 ማይክሮ ግራም ነው። አንድ ፕሌት 96 ዌል በ100 ማይክሮ ሊትር 9.6 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። የሚባክነውን አስባችሁ 11 አዘጋጁ። 11 ሲባዛ በ2፣ 22 ማይክሮ ግራም። ይህም 44 ማይክሮ ሊትር ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ 100 ማይክሮ ሊትር የገዛ ሰው ሁለት ፕሌት ብቻ ነው ያለው። ይህን ስሌት ከመግዛታችሁ በፊት ብትሠሩት ደግሞ የተሻለ ነው።

ከ10 ማይክሮ ሊትር በታች አትከፋፍሉ። ትንሽ ሲሆን የቲዩቡ ግድግዳ ይበላዋል፤ የቀረውም ይተናል። እያንዳንዱ ቲዩብ ላይ ስሙን፣ መጠኑን፣ የሎት ቁጥሩን (የፋብሪካውን የምርት ዙር ቁጥር) እና ቀኑን ጻፉ። «አንቲቦዲ» ብቻ ብላችሁ አትተዉት። ከስድስት ወር በኋላ ራሳችሁም አታውቁትም።

ለምን ይህን ያህል ጣጣ? ማቀዝቀዝና ማቅለጥ በተደጋገመ ቁጥር አንቲቦዲው ስለሚደክም ነው። እኔ ራሴ በመጀመሪያ ዓመቴ ሁሉንም በአንድ ቲዩብ አስቀምጬ በየሳምንቱ አቅልጬ እቀዳ ነበር። በመጀመሪያው ፕሌት የትልቁ ስታንዳርድ የቀለም ድምቀት በማንበቢያው 2.1 ይነበብ ነበር። በአምስተኛው 0.6። ስታንዳርዱን ጠረጠርኩ፣ ማንበቢያውን ጠረጠርኩ፣ ውሃውን ቀየርኩ። ጥፋቱ ግን የራሴ ነበር።

ያዡና ጠቋሚው ወረቀታቸው የሚፈቅድ ከሆነ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይቀመጣሉ። ስትሬፕታቪዲን ኤችአርፒን ግን አታቀዝቅዙት፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ ከብርሃን ተጠብቆ። ኖ ፍሮስት የሚባለው ፍሪዘር ለዚህ ሥራ አይሆንም። በረዶውን ለማራገፍ በየጊዜው ራሱን ስለሚያሞቅ ሳታዩት ያቀልጥባችኋል።

መብራት ሲጠፋስ? ዕቃው መቅለጥ አለመቅለጡን የምታውቁበት ቀላል ዘዴ አለ። በትንሽ ብርጭቆ ውሃ ሞልታችሁ አቀዝቅዙ። በረዶ ሲሆን ከላዩ አንድ የ1 ብር ሳንቲም አስቀምጡና ፍሪዘሩ ውስጥ ተዉት። ከበዓል ወይም ከእረፍት ስትመለሱ ሳንቲሙ ከላይ ካለ ደህና ነው። ወደ ታች ከሰመጠ መብራቱ ረጅም ጊዜ ጠፍቶ ነበር፤ ተመልሶ ቢቀዘቅዝም ያለፈውን ይነግራችኋል። ባዶ የፍሪዘር መደርደሪያ ካለ ውሃ የተሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ ደርድሩበት። የሞላ ፍሪዘር ቅዝቃዜውን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል።

3. ናሙናውን በትክክለኛው ሰዓት ውሰዱ።

የሌፕቲን መጠን በቀኑ ውስጥ ይለዋወጣል። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ከፍ ይላል፤ ከቀትር እስከ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ይላል። ረዘም ያለ ረሃብም ያወርደዋል። ስለዚህ አንዱን ጠዋት 1 ሰዓት፣ ሌላውን ቀን 9 ሰዓት ቀድታችሁ ብታወዳድሩ የምታወዳድሩት ሰዓትን እንጂ ሰውን አይደለም። ሁሉንም ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውሰዱ።

እዚህ ላይ በእኛ አገር የሚያጋጥም ነገር አለ። ተሳታፊውን «ነገ ጾመው ይምጡ» አትበሉ። ጎጃም ውስጥ ይህን ያላችሁት ሰው ሥጋና ወተት ሳይነካ፣ ሽሮውን ግን በልቶ ሊመጣ ይችላል። እሱ አልዋሸም፤ ጾሟል። «ከማታ ራት በኋላ ምንም ሳይቀምሱ፣ ቡናም ሳይጠጡ፣ በባዶ ሆድ ይምጡ» በሉ። ውሃ ይፈቀዳል። በሁዳዴ ወይም በፍልሰታ የምትሰበስቡ ከሆነ ደግሞ ተሳታፊው እየጾመ መሆኑን፣ በቀን ስንት ሰዓት ላይ እንደሚበላ መዝግቡ። ጾታን፣ ክብደትንና ቁመትንም እንዲሁ። ተመሳሳይ የስብ መጠን ካላቸው ሰዎች መካከል የሴቶቹ ሌፕቲን ከወንዶቹ ከፍ ይላል። ይህን ሳትመዘግቡ ውጤቱን መተርጎም አትችሉም።

ባዮቲን ያለበት የቫይታሚን እንክብል የሚወስድ ሰው ካለም ጠይቁ። ብዙ ባዮቲን ደም ውስጥ ካለ፣ በተለይ ናሙናው ሳይታጠብ ከስትሬፕታቪዲን ጋር በሚገናኝበት ኪት፣ ከስትሬፕታቪዲኑ ጋር ሊጣበቅና ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው እንክብል ብዙ ጊዜ ይህ አለበት።

ደሙን በሴረም ቲዩብ ቅዱ፤ 30 ደቂቃ እስኪረጋ ጠብቁ፤ በ1000 ጂ (ከመሬት ስበት 1000 እጥፍ በሆነ ኃይል) ለ15 ደቂቃ አዙሩ። ማሽናችሁ የሚያሳየው ዙር በደቂቃ ብቻ ከሆነና ከመሐሉ እስከ ቲዩቡ ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ወደ 3000 ዙር ገደማ ነው። ሴረሙን ለይታችሁ ሁለት ሦስት ቦታ ከፍላችሁ አቀዝቅዙ።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የምትልኩ ከሆነ መጀመሪያ ሴረሙን ለዩ። ደሙን እንዳለ በበረዶ ሳጥን ጭናችሁ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ እያንገጫገጫችሁ ብታመጡት ቀይ ሕዋሱ ይፈርሳል፤ ሴረሙም ቀላ ብሎ ይመጣል። እንዲያ የቀላ ናሙና አትጠቀሙ።

4. ለሁሉም ናሙና ከመሥራታችሁ በፊት ትክክለኛውን መጠን ፈልጉ።

ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህን ነው። «ወረቀቱ ላይ 2 ይላል» ይሉኛል። ወረቀቱ የእናንተን ፕሌት፣ የእናንተን ውሃ፣ የእናንተን ክፍል አያውቅም።

ያዡን በሚሊ ሊትር 1፣ 2 እና 4 ማይክሮ ግራም አድርጉ። ጠቋሚውን በሚሊ ሊትር 50፣ 100 እና 200 ናኖ ግራም። እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር አጋጥሙ፤ ዘጠኝ ጥንድ ይሆናል። በየጥንዱ ሦስት ነገር ሞክሩ፦ 1000 ፒኮ ግራም ስታንዳርድ፣ 62.5 ፒኮ ግራም ስታንዳርድ፣ እና ምንም ሌፕቲን የሌለበት ባዶ። ሁሉንም በሁለት ሁለት ዌል። በድምሩ 54 ዌል ነው።

አሁን ሲነበብ ዓይናችሁ ወደ ትልቁ ቁጥር ይሮጣል። ያዙት። አንዱ ጥንድ 2.4 አንብቦ ባዶው 0.30 ቢሆን፣ ሲካፈል 8 እጥፍ ነው። ሌላው 1.6 አንብቦ ባዶው 0.06 ቢሆን ወደ 27 እጥፍ ነው። የሚመረጠው ሁለተኛው ነው። የሚፈለገው ድምቀት አይደለም፤ በሌፕቲንና በባዶ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ብዙ ጊዜም የሚያሸንፈው አነስ ያለው መጠን ስለሚሆን አንቲቦዲ ይተርፋችኋል።

5. ያዡን ፕሌቱ ላይ አሳድሩ።

በመረጣችሁት መጠን በፒቢኤስ አቅጥኑ። በዚህ ደረጃ ፈሳሹ ውስጥ ቢኤስኤም ሆነ ሌላ ፕሮቲን አይግባ፤ ከያዡ ጋር ቦታ ይሻማል። ለእያንዳንዱ ዌል 100 ማይክሮ ሊትር ጨምሩ። በሚጣበቅ ሽፋን ከድኑት፤ ሌሊቱን ይደር።

ሽፋን ካለቀባችሁ ፕሌቱን በምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክ ሸፍናችሁ፣ ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ ከእርጥብ ጎዝ ጋር አስቀምጡት። ካልተከደነ ጠርዝ ላይ ያሉት ዌሎች ቀድመው ይደርቃሉ፤ በማግስቱ ጠርዙ አንድ ዓይነት፣ መሐሉ ሌላ ዓይነት ያነባል።

6. እጠቡ፤ ብሎክ አድርጉ።

በፒቢኤስ ውስጥ 0.05 በመቶ ትዊን 20 ጨምራችሁ የማጠቢያ ባፈር አዘጋጁ። ውሃው የተጣራ ይሁን፤ የቧንቧ ውሃ አይሆንም። እያንዳንዱን ዌል በ300 ማይክሮ ሊትር ሦስት ጊዜ እጠቡ። በየመሐሉ ፕሌቱን ገልብጣችሁ በንጹሕ ሶፍት ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ምቱት። አትፍሩ፤ የተለጠፈው አይወድቅም። የሚቀረው ጠብታ ነው ጠላታችሁ።

ከዚያ 1 በመቶ ቢኤስኤ ያለበት ፒቢኤስ 300 ማይክሮ ሊትር ጨምራችሁ ቢያንስ 1 ሰዓት ተዉት። ይህ የፕሌቱን ክፍት ቦታ ይሞላዋል፤ ካልሞላ ጠቋሚው ባዶው ላይ ይጣበቅና ሁሉም ዌል ቀለም ያወጣል። በቢኤስኤ ፋንታ የዱቄት ወተት የሚጠቀሙ አሉ። ይረክሳል፤ እውነት ነው። ወተት ግን በተፈጥሮው ባዮቲን አለው፤ በዚህ አሠራር ላይ አይሆንም። ሰዓቱ ሲሞላ ፈሳሹን ደፍታችሁ እንደገና ሦስት ጊዜ እጠቡ።

7. ስታንዳርዱን እና ናሙናውን ጨምሩ።

ስታንዳርዱን በየሁለት እጥፍ አቅጥኑ፦ 1000፣ 500፣ 250፣ 125፣ 62.5፣ 31.25፣ 15.6 ፒኮ ግራም በሚሊ ሊትር፤ ስምንተኛው ባዶ። አሠራሩ ቀላል ነው። በሰባት ቲዩብ ውስጥ 500 ማይክሮ ሊትር ማቅጠኛ (1 በመቶ ቢኤስኤ ያለበት ፒቢኤስ) አስቀምጡ። ከ1000ው 500 ወስዳችሁ ወደ መጀመሪያው፣ አደባልቃችሁ ከዚያ 500 ወደ ቀጣዩ፣ እያለ ይወርዳል። የመጨረሻው ቲዩብ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ ባዶው እሱ ነው። በየደረጃው ቲፕ ቀይሩ። ቲፕ ለመቆጠብ ሳይቀይር የሚሄድ ሰው አውቃለሁ፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ አያውቅም።

ሴረሙ 100 እጥፍ ይቅጠን፦ 10 ማይክሮ ሊትር ሴረም፣ 990 ማቅጠኛ። በ1 እና በ99 አታድርጉት። 1 ማይክሮ ሊትር በትክክል መቅዳት ለማንም ከባድ ነው። በጣም ቀጭን ሰው ላይ 100 እጥፍ ሊበዛ ይችላል፤ በጣም ወፍራም ሰው ላይ ደግሞ ሊያንስ። ስለዚህ ቀድማችሁ ጥቂት ናሙናዎችን በ50፣ በ100 እና በ200 እጥፍ ሞክሩ። ከተባዛ በኋላ ሦስቱም ተቀራራቢ ውጤት ካመጡ አንቲቦዲው ሥራውን እየሠራ ነው። እጅግ ከተራራቁ ሴረሙ ውስጥ የሚያውከው ነገር አለ።

ለእያንዳንዱ ዌል 100 ማይክሮ ሊትር፤ ሁሉም በሁለት ሁለት ዌል፤ 2 ሰዓት። ከዚያ ሦስት ጊዜ እጠቡ። የትኛው ዌል ውስጥ ምን እንዳለ ከመቅዳታችሁ በፊት በወረቀት ላይ ሥሉ። መሐል ላይ ስልክ ከጠራ የት እንደደረሳችሁ የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው።

8. ጠቋሚውን፣ ቀጥሎ ኤችአርፒውን።

ጠቋሚው 100 ማይክሮ ሊትር፣ 2 ሰዓት፤ ሦስት ጊዜ እጠቡ። ስትሬፕታቪዲን ኤችአርፒ አምራቹ ባለው መጠን ቀጥኖ 100 ማይክሮ ሊትር፣ 20 ደቂቃ በጨለማ። መሳቢያ ውስጥ ማስገባት ይበቃል። አሁን አምስት ጊዜ እጠቡ። እዚህ ላይ የቀረ ኤችአርፒ ሁሉ ያለ ሌፕቲን ቀለም ያወጣል።

9. ቀለሙን አውጡ፤ አቁሙ፤ አንብቡ።

100 ማይክሮ ሊትር ቲኤምቢ፤ ወደ 20 ደቂቃ በጨለማ። ትልቁ ስታንዳርድ ደማቅ ሰማያዊ ሲሆን፣ ባዶው ገና ውሃ ሲመስል፣ በዚያው በቀዳችሁበት ቅደም ተከተልና ፍጥነት 50 ማይክሮ ሊትር ማቆሚያ ጨምሩ። ሰማያዊው ወዲያው እንደ አደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። አረንጓዴ የቀረበት ዌል ካለ አልተደባለቀም፤ ፕሌቱን ጠርዙን መታ መታ አድርጉት። በ30 ደቂቃ ውስጥ በ450 ናኖ ሜትር አንብቡ፤ ማሽኑ ከቻለ በ540 ወይም በ570 አንብባችሁ ቀንሱ።

ቴርሞሜትሯ የምትመጣው እዚህ ነው። ወረቀቱ «የክፍል ሙቀት» ሲል ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ማለቱ ነው። ባሕር ዳር በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ከዚያ ያልፋል፤ ቀለሙ ገና በ10 ደቂቃ ሊደምቅ ይችላል። ደብረ ማርቆስ በሐምሌ ጠዋት ደግሞ ጋቢ ለብሳችሁ ነው የምትሠሩት፤ 20 ደቂቃው ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ቀለሙን ተመልከቱ፤ የክፍሉን ሙቀት በየፕሌቱ መዝግቡ። ፍሪጅ ውስጥ የነበረ ፈሳሽም ሳይሞቅ አይጨመር፤ 30 ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ይቆይ።

10. አስሉ።

የሁለቱን ዌል አማካይ ውሰዱ፤ የባዶውን ቀንሱ፤ ከስታንዳርዱ መስመር ላይ አንብቡ። መስመሩ እንደ ኤስ ፊደል ስለሚታጠፍ ቀጥታ መስመር አትጠቀሙ፤ ባለ አራት ፓራሜትር የሚባለውን የኩርባ ስሌት ምረጡ። ከዚያ ናሙናው በቀጠነበት እጥፍ አባዙ። ናሙናው 85 ፒኮ ግራም ካነበበ፣ በ100 ሲባዛ 8500 ፒኮ ግራም፣ ማለትም በሚሊ ሊትር 8.5 ናኖ ግራም ነው። ማባዛቱን ረስቶ «ሌፕቲን የለም» ብሎ የጻፈ ተማሪ ገጥሞኛል።

ሁለቱ ዌሎች 0.80 እና 0.86 ቢያነቡ መለያየታቸው 5 በመቶ ገደማ ነው፤ ይለፍ። 0.80 እና 1.20 ቢያነቡ ግን 28 በመቶ ነው፤ ድገሙት። አማካዩን ወስዶ ማለፍ ራስን ማታለል ነው። ከትልቁ ስታንዳርድ በላይ ያነበበውንም በግምት አትጻፉ፤ አቅጥናችሁ ድገሙ።

ማስጠንቀቂያ

ሴረም ሁሉ ተላላፊ በሽታ እንዳለበት ተቆጥሮ ይያዝ። ጓንትና ጋውን ሳይለብሱ አይነካም፤ በአፍ ፒፔት ማድረግ ፈጽሞ አይታሰብ።

ማቆሚያውን ራሳችሁ የምታዘጋጁ ከሆነ አሲዱን ወደ ውሃ ጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ አሲድ አትጨምሩ። ይፈላና ፊት ላይ ይረጫል። ለ100 ሚሊ ሊትር፣ 90 ገደማ ውሃ ውስጥ 5.4 ሚሊ ሊትር የ98 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ በቀስታ ጨምራችሁ ሲቀዘቅዝ 100 ሙሉት። መነጽር አድርጉ።

ሶዲየም አዛይድ መርዝ ነው። ከአሲድ ጋር አይገናኝ፤ በቧንቧ ማፍሰሻም አይደፋ።

ከሰው ደም ከመቅዳታችሁ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ በእጃችሁ ይሁን። ከቀዳችሁ በኋላ የሚመጣ ፈቃድ ናሙናውን አያድነውም።

ብዙ ጊዜ የሚደወልባቸው ስሕተቶች

ምንም ቀለም የለም። መጀመሪያ ኤችአርፒውንና ቲኤምቢውን ለብቻ ፈትኑ፦ አንድ ጠብታ ኤችአርፒ ትንሽ ቲኤምቢ ውስጥ ጨምሩ። ወዲያው ሰማያዊ ከሆነ ሁለቱ ደህና ናቸው፤ ችግሩ አንቲቦዲው ወይም ስታንዳርዱ ጋ ነው። ካልሆነ አዛይድ ፈልጉ፤ ኤችአርፒው በስሕተት ቀዝቅዞ እንደነበርም ጠይቁ። ይህ ፈተና ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ብዙዎቹ ግን አዲስ አንቲቦዲ ካዘዙ በኋላ ነው የሚያስቡት።

ሁሉም ዌል ቢጫ ነው፤ ባዶውም። እጥበቱ አንሷል፣ ወይ ብሎኩ ተዘሏል፣ ወይ ጠቋሚው በዝቷል። ቲኤምቢው ከጠርሙሱ ሲቀዳ ሰማያዊ ከሆነም ተበክሏል፤ ድፉት። ከጠርሙሱ የተቀዳውን ትርፍ ወደ ጠርሙሱ አትመልሱ፤ ብክለቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው።

ስታንዳርዱ ቆንጆ ነው፤ ናሙናው ግን ዜሮ። ናሙናው የማን ነው? «ለበግ ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከከብት እርባታ የሚደውሉ አሉ። የሰው ሌፕቲን አንቲቦዲ የበጉን በከፊል ሊያውቅ ወይም ጨርሶ ላያውቅ ይችላል። በግምት አትጀምሩ። ለበግ ተብሎ የተሠራ ፈልጉ። ከሌለ የበግ ሌፕቲን ስታንዳርድ አግኝታችሁ መጀመሪያ በእሱ ፈትኑት። በሰው ስታንዳርድ የተለካ የበግ ውጤት ቁጥር አለው፤ ትርጉም የለውም።

ናሙናው የሰው ከሆነና ዜሮ ካነበበ፣ የታወቀ መጠን ያለው ሌፕቲን ናሙናው ውስጥ ጨምራችሁ መልሳችሁ ለኩ። ከጨመራችሁት ከ80 እስከ 120 በመቶ የሚሆነውን ካገኛችሁ አሠራሩ ደህና ነው፤ ናሙናው በእርግጥ ትንሽ ነው። ካላገኛችሁ ሴረሙ ውስጥ የሚያግደው አለ፤ ይበልጥ አቅጥኑት።

ጠርዙ ከመሐሉ ይለያል። ክዳን፤ ወይም ፕሌቱ መስኮት አጠገብ ፀሐይ ላይ ነበር።

ባለፈው ወር ሠርቷል፤ ዛሬ ግን ቁጥሩ ሌላ ነው። የሎት ቁጥሩን አወዳድሩ። አዲስ ሎት ሲመጣ አሮጌው ከማለቁ በፊት ሁለቱን በአንድ ፕሌት ላይ ጎን ለጎን ሥሩ፤ በየፕሌቱም አንድ ዓይነት የታወቀ ሴረም አስገቡ። ለዚህ የሚሆን ሴረም በመጀመሪያው ቀን ሃያ ቲዩብ ከፍላችሁ ፍሪዘሩ ውስጥ አስቀምጡ፤ ከሳንቲሟ ብርጭቆ አጠገብ።